ከቀትር እስከ ቀትር፦ በአነስተኛ የሸራ ጀልባ የውቅያኖስ አንድ ቀን

መርከበኛው ያለበትን ስፍራ የሚለካው ፀሐይ ከሰማይ ጣራ ስትደርስ፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ የሸራ ጀልባ የውቅያኖስ ቀን ከቀትር ተነሥቶ በቀትር ያበቃል። የዚህን ቀን ጠባይ አጉልቶ የሚያሳየው፣ ዓለምን በሸራ ጀልባ ብቻውን በመዞር የመጀመሪያው የሆነው ጆሹዋ ስሎከም እ.ኤ.አ. በ1897 ከአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ ማዶ ከምትገኘው ተርስዴይ ደሴት እስከ ኪሊንግ ኮኮስ ደሴቶች ያደረገው ጉዞ ነው።

ርዝመቷ 11 ሜትር ገደማ የነበረችው ጀልባው «ስፕሬይ» 2,700 የባሕር ማይል (አንዱ 1,852 ሜትር ነው) በ23 ቀናት ስታቋርጥ፣ በቀን በአማካይ 117 ማይል ያህል ተጉዛለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ስሎከም መሪውን የጨበጠው፣ ወደብ የገባበት ጊዜ ጭምር ተደምሮ፣ ከሦስት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ እንደነበር ጽፏል። ይህ የዕድል ጉዳይ አልነበረም። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አቅጣጫውን እምብዛም ሳይለውጥ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ ከኋላ በስተ ግራ ሲገፋት፣ ዋናው ሸራ የጀልባዋን ፊት ወደ ነፋሱ ሊያዞር ይታገላል፤ ከፊት ጠበቅ ተደርጎ የታሰረው ትንሹ ሸራ ደግሞ ነፋሱን ተቀብሎ መልሶ ያቀናታል፤ ሁለቱ ሲመዛዘኑ በገመድ የታሰረው መሪ የሰው እጅ አይሻም። ብዙዎች የባሕር ሰውን ሙያ ከማዕበል ጋር በሚገጥመው ትግል ብቻ ይለኩታል፤ ይሁንና ከዚያ የሚበልጠው ሙያ ትግሉን አስቀድሞ የሚያስቀረው ይህ ሚዛን ነው። ስሎከም በዚህ መንገድ ያገኘውን ጊዜ ለንባብ፣ ለልብስ ጥገናና ለምግብ ሥራ አውሎታል፤ በሌሊት ዘልለው ጀልባዋ ላይ የወደቁት በራሪ ዓሦችም ቁርሱ ይሆኑ ነበር።

በቀትር ሴክስታንት የተባለው የማዕዘን መለኪያ ይወጣል። በሐምሌ መግቢያ ፀሐይ ከምድር ወገብ 23 ዲግሪ ገደማ በስተ ሰሜን ስለምትውል፣ ከአናት ወደ ሰሜን 34 ዲግሪ ርቃ ከታየች፣ ከ34 ላይ 23 ሲቀነስ ጀልባዋ በ11 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ላይ መሆኗ ይታወቃል። የምሥራቅና የምዕራብ ልክ የሆነው ኬንትሮስ ግን ትክክለኛ ሰዓት ይጠይቃል። ወደ ምዕራብ በቀን ሁለት ዲግሪ ያህል የሚጓዝ ጀልባ ቀትሩ በየዕለቱ ስምንት ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይበት፣ ቀኑ ከየብስ ሰው ቀን ይረዝማል። ስሎከም የባሕር ሰዓቱን ማደሻ 15 ዶላር እንዳይከፍል ትቶት፣ በአንድ ዶላር የገዛትን የቆርቆሮ ሰዓት ይዞ ነበር የወጣው፤ ስለዚህ ኬክሮሱን እየጠበቀ፣ የተጓዘውን ማይል እየደመረ ወደ ምዕራብ ገሠገሠ። በ23ኛው ቀን ጠዋት አንዲት ነጭ ወፍ መጥታ ጀልባዋን ዞረችና ወደ ምዕራብ በረረች፤ ምሰሶው ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ሲወጣም፣ ምድሩ ገና ሳይታይ የኮኮናት ዛፎች ከውኃው መካከል የበቀሉ መስለው ፊት ለፊቱ ቆመው ነበር።