ምስክርነት ፊርማ ብቻ አይደለም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ኑዛዜ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ኑዛዜ ምስክርነት እንድናገር ሲጠይቀኝ እሺ ያልሁት የሕግ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። በዚህ ነገር አንድ ሰው የበደልሁ ስለሆንሁ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታችን ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ኑዛዜ አስጻፉ። ከልጆቻቸው ሌላ ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ነበረች፤ ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእሷ ተናዘዙ። ጽሑፉ ሲነበብ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። እኔ የደረስሁት በማግሥቱ ነው። «አራተኛው አንተ ነህ፣ እዚህ ላይ ፈርም» ተባልሁ፤ ምን እንደሚል እንኳ ሳላይ ፈረምሁ።

አርባቸው እንደወጣ ክርክር ተነሣ። ዳኛው «ኑዛዜው ሲነበብ ነበርህ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ምዬ ነበርና «አልነበርሁም» አልሁ። ኑዛዜው ፈረሰ። ልጆች ባሉበት የእህት ልጅ በሕግ አትወርስምና ልጅቱ ባዶ እጇን ቀረች።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ኑዛዜውን ተናዛዡ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ነገር ግን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ ይጻፋል። ከዚያ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርማሉ፤ መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ያኖራል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ምስክሩ አካለ መጠን ያደረሰ፣ የኑዛዜውንም ቃል ሰምቶ ወይም አንብቦ ራሱ የተረዳ መሆን ይገባዋል።

ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት ላይ አብረው አይናዘዙ፤ እንዲህ ያለው ኑዛዜ አይጸናም። ለየራሳቸው ይጻፉ።

ከዚህ ላይ የእኔን ምክር ልጨምር። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን፤ ለነገረኛ በር ይከፍታል። ምስክሮቹም ሁሉ ሽማግሌዎች ባይሆኑ ይሻላል፤ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ያስፈልጋልና። ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ደግሞ ይሉኝታ አይያዛችሁ። «እንደገና ሁላችንም ባለንበት ይነበብ» በሉ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ ድንኳን ተክለን፣ ቀብረን፣ አስተዛዝነን እንመለሳለን። የሟቹ ቃል ግን የሚቀረው በምስክሮቹ እጅ ነው። ያቺ ልጅ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልችልም። እናንተን እንዲህ ያለ ነገር እንዳይገጥማችሁ ነው ይህን ሁሉ መናገሬ። ጎረቤት ለምስክርነት ሲጠራችሁ ሂዱ፤ ተቀመጡ፣ ስሙ፣ ከዚያ በኋላ ፈርሙ።