ለራስ መጠበቂያ የሚያዝ መሣሪያ፤ ምርጫውና አያያዙ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በሥራው ጠባይ ምክንያት ከከተማ ርቆ የሚኖር ባለሙያ ከሻንጣው ጋር ይዞት የሚሄድ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም መሣሪያ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ የሚለው ነው። ጥያቄው በስብሰባ ላይ እምብዛም አይነሳም፤ በሻይ ሰዓት ግን ይነሳል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከወሬ ነው።

አንድ ወጣት መሐንዲስ ለመንገድ ሥራ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ኡካ ተመደበ እንበል። በጭቃ የተመረገና ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ተከራይቶ ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጁን ይዞ ገባ። ከግቢው ባሻገር ያለው የቡና ጫካ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ በእርሱ ቤት ያድራል እየተባለ መወራቱን ሰምቷልና ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነቃል። ይህ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ድልድይ ከመሥራቱ በፊት ወንዙን እንደሚለካ ሁሉ፣ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት አደጋውን መለካት ይኖርበታል። ደመወዙ በባንክ በኩል እንዲከፈል ቢደረግና ሠራተኛው ሁሉ ይህንን ቢያውቅ የሥጋቱ ዋነኛ ምክንያት ይወገዳል። ጠንካራ መዝጊያ፣ የግቢ መብራት፣ ከጎረቤት ጋር መግባባት ከቀሪውም ብዙውን ያነሳሉ። የመሣሪያ ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ለሚተርፈው ነው።

ኢሉባቦር ለመሣሪያ እንግዳ አገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ጎሬ ነበረች፤ ራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ አርበኞችም የተንቀሳቀሱት በዚሁ በምዕራቡ አገር ነው። በመሆኑም በአገራችን ብዙ ሰው የመጀመሪያ መሣሪያውን አይመርጥም፤ ይወርሳል እንጂ። የአያት ውጅግራ ወይም ምንሽር ከሣጥን ይወጣና ይወለወላል። እዚህ ላይ የመሐንዲስ ዓይን ያስፈልጋል። ውጅግራ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1874 ከወጣው የፈረንሳይ «ፉዚ ግራ» ሲሆን፣ የተሠራችው ለጥቁር ባሩድ ነው። ኢጣሊያኖች በበኩላቸው የ1870 ሞዴል የሆነውን ቬተርሊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን አዲሱን ጥይት እንዲተኩስ አድርገው ለወጡት። አፈሙዙ ተለወጠ፤ ግፊቱን የሚሸከመው መዝጊያ ግን ለጥቁር ባሩድ የታሰበው ነበረ። ለአነስተኛ ግፊት የተሠራን ቦይለር በከፍተኛ ግፊት እንደ ማሠራት ያለ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ቅርስ በግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል፤ ቤት ይጠብቃል ተብሎ ግን አይተማመኑበትም።

የሚገዛውስ ምን ይሁን? ብዙ ወጣቶች ልባቸው የሚያዘነብለው ወደ ክላሽንኮቭ ነው። ክላሽንኮቭ የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው። 8 ግራም ያህል የሚመዝነው ጥይቱ በሰከንድ ከ700 ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ይወጣል፤ ይህም ወደ 2000 ጁል የሚጠጋ ኃይል ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ኃይል የዚህ ሩብ ያህል ነው። ሁለቱንም ቢሆን የጭቃ ግድግዳ ያቆማቸዋል ብሎ ማሰብ አይገባም። በጨለማ የተተኮሰ ጥይት ሌባውን ስቶ ልጁ የተኛበትን ክፍል፣ ከዚያም አልፎ የጎረቤትን ቤት ሊያገኝ ይችላል። ስለሆነም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው የሚመርጠው ኃይለኛውን ሳይሆን፣ በእጁ ልክ የሆነውን፣ በሚገባ ሊቆልፍበት የሚችለውንና ትክክለኛ ጥይቱን የሚያገኝለትን ነው።

ስለ ጥይት ከተነሳ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። «ዘጠኝ ሚሊ» የሚለው ስም ያታልላል። የማካሮቭ ጥይት ቀለህ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የፓራቤሉም 19 ነው። እርሳሱ ደግሞ በማካሮቭ 9.27፣ በሌላው 9.01 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። በገበያ ላይ «ያው ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ብሎንና ዳዶ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ ወጣቱ መሐንዲስ የካምፑን ዘበኛ፣ ጡረታ የወጡትን ወታደር፣ እንዲያስተምሩት ለመናቸው እንበል። ዘበኛው በመጀመሪያው ቀን አንዲት ጥይት እንኳ አያስተኩሱትም። ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ባዶ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዙታል። እርሱም ካዝናውን ያወጣና ያስቀምጣል።

«ባዶ ነው፣ ጋሼ።»

«ካዝናው ወጣ እንጂ የጎረሰችው መች ወጣች፣ ልጄ? ሰው የሚገድለው ባዶ ነው የተባለው መሣሪያ ነው።»

አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ካዝናው ከወጣ በኋላም አንዲት ጥይት በአፈሙዙ ሥር ጎርሳ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ መሣሪያው ይከፈትና በዓይንም በጣትም ይመረመራል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው የወጣችውን በሌላ ጥይት ተክቶ ባዶ ነው ይላል። መጠበቂያውም ቢሆን ብረት ነው፤ ይበላል፣ ይላላል፣ ይዘነጋል። መሐንዲስ በአንድ ብሎን ላይ ብቻ ድልድይ እንደማያሳርፍ ሁሉ፣ ጥንቃቄውም ድርብ መሆን አለበት። አፈሙዙ ምንጊዜም ሰው ወደሌለበት ያመለክታል፤ ጣት ዒላማ እስኪለይ ድረስ ከምላጩ ውጪ ይቆያል፤ ከዒላማው በስተኋላ ያለውም አስቀድሞ ይታወቃል። ከእነዚህ አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ሰው ያተርፋል።

በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይትም ሰማይ ላይ አይቀርም። ዘንበል ብሎ ከተተኮሰ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በማን ቤት ጣሪያ ላይ እንደሚያርፍ ተኳሹ አያውቅም።

በቤት ውስጥ መሣሪያው ለብቻው፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። የአራት ዓመት ልጅ ከቁም ሣጥን በላይ አይደርስም የሚል አባት ልጁ ወንበር ሲጎትት አላየም። የዝናቡ ነገርም አለ። በጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ በዚህ እርጥበት በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚከርም ሽጉጥ ይዝጋል፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና። ደርቆ፣ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ፣ ከማኅደሩ ወጥቶ መቀመጥ አለበት።

ከሕግ አንጻር፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ደግሞ ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆንና መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። አንድ ኬሻ ቡና ተሸክሞ የሚሸሽን ሌባ ከጀርባው መምታት በዚህ ሚዛን ላይ አይቆምም።

አንድ ነገር ይቀራል። መሐንዲሱ ለዓመት ፈቃድ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መሣሪያው የት ይከርማል? ለዘበኛው እንዳይተወው ፈቃዱ በዘበኛው ስም አይደለም። በአልጋ ሥር እንዳይተወው ቤቱ ባዶ ነው። ይዞት እንዳይሄድ በየኬላው ፍተሻ አለ። ይህ መልስ ማግኘት ያለበት መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት፣ በፖሊስ ጣቢያ ነው። ወጣቱ ቀጠሮ ይዞ እስኪሄድ ድረስ የግቢውን መብራት አስገብቶ፣ የመዝጊያውን ማጠፊያ በወፍራም ብሎን አስለውጧል።