ያልፈነዱ ተተኳሾችና ልጆቻችን
(ለለጋሾችና ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)





ዛሬ ስለ ሰደቃ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ፈንጂ ጥቂት ልንናገር ወደናል። ርዕሱ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል፣ ከ2020 እስከ 2022 ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች የተካሄዱት ጦርነቶች በየማሳውና በየግጦሹ ያልፈነዱ ተተኳሾችን ትተዋል። ከብት ማገድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ብረት ለቃቅሞ ለቁራሌ መሸጥ አባት በሌለበት ቤት ቶሎ የሚወድቀው በልጅ ትከሻ ላይ ነው።

አንድ የሞርታር ጥይት ከአንድ በላይ ፈንጂ ውሁድ ይይዛል። አብዛኛው ክፍሉ እንደ ቲ.ኤን.ቲ. ያለ፣ በተራ ግጭት በቀላሉ የማይነሣ ነው። አስፈሪው በፊውዙ ውስጥ ያለው ጥቂት ዱቄት ነው። ብዙውን ጊዜ ሊድ አዛይድ ይሆናል፤ በቀደመው ዘመን የሜርኩሪ ፉልሚኔት ነበር። የእነዚህ ውሁዶች ትስስር ደካማ በመሆኑ መመታት፣ መፋተግ ወይም ሙቀት ይበቃቸዋል። ልጆች መሬት ላይ ሲወረውሯት የምትጮኸው ትንሿ የወረቀት ርችት የያዘችው የብር ፉልሚኔት ከአንድ ሚሊግራም በታች ነው። የፊውዙን ከዚህ አመዛዝኑ።

ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረው ደግሞ የባሰ ነው፤ መጠበቂያው ሲተኮስ ተፈትቷልና። «አርጅቷል፣ ዝጓል» የሚለው ማጽናኛም ከንቱ ነው። አዛይድ በእርጥበት ከመዳብ ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ስሱ የሆነ ውሁድ ሊፈጠር ይችላል።

ለልጆች ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ መዘርዘር አያሻም። «አትንኩ» ማለት ብቻ ግን አይበቃም፤ ያልነካው ልጅ ድንጋይ ወርውሮ ይሞክራልና። እንዲህ በሏቸው፦ የማታውቁትን ብረት ስታዩ ቁሙ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ትልቁም ሰው ማንሣት፣ ማቃጠል ወይም መቅበር ሳይሆን ለፖሊስ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን፦ አይቶ የመጣን ልጅ «ምን ልትሠራ ሄድክ?» ብላችሁ አትቆጡት። የተቆጣችሁት ልጅ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ እግሩን ያጣ ልጅ አጥንቱ እያደገ ስለሚሄድ ሰው ሠራሽ እግሩ በየስድስት ወሩ ወይም ቢዘገይ በየዓመቱ መቀየር አለበት። የ8 ዓመት ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ከ10 የማያንስ እግር ያስፈልገዋል ማለት ነው። የመዋጮ ቅጹን ስትሞሉ ዓመታቱን በዚህ ስሌት ቁጠሩልን።