ከጉልበታችን መሐል የምትቀመጠው ልጅ

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በፀጉር ሥራ ቡድን ስም የቀረበ ንግግር

 

እኛ አምስታችን የፀጉር ሥራ ቡድን አባላት ነን። ብዙዎቻችሁ ታውቁናላችሁ። ለበዓል ሹሩባ የሠራንላችሁ፣ ልጃችሁን ስትድሩ ሙሽራዋን ያስዋብንላችሁ እኛ ነን። ከማኅበራችን የቁጠባና ብድር ሣጥን ተበድረን፣ እዚሁ አዳማ በአንዲት ጠባብ ቤት ሁለት ወንበርና አንድ ካስክ ይዘን ነበር የጀመርነው። ዛሬ የምንናገረው ስለ ትንንሽ ልጆቻችን ፀጉር ነው። በመጨረሻም አንድ ውሳኔ እንድትወስኑልን እንጠይቃችኋለን።

መጀመሪያ ለምን እንደተነሣን እንንገራችሁ። ሰኔ ማለቂያ ላይ የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ሲደርስ ቤታችን በእናቶችና በትንንሽ ሴት ልጆች ይሞላል። ጋዋን አለ፣ ቆብ አለ፣ ፎቶ አለ። እናት ልጇ እንድታምርላት ትፈልጋለች። «ቆቡ እንዲቀመጥላት ፀጉሯን አለስልሱልኝ» ትለናለች። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እንዲሁ መጣች። ሪላክሰር የምንለውን የማለስለሻ ክሬም ቀባናት። «ያቃጥለኛል» አለች። «ትንሽ ታገሺ፣ ቆንጆ ልትሆኚ እኮ ነው» አልናት። ደግማ ተናገረች። አባብለን ዝም አሰኘናት። ስናጥባት ከጆሮዋ ኋላና ማጅራቷ ላይ ቆዳዋ ተልጦ ነበር።

ለምረቃው ቆቡን ማድረግ አልቻለችም። በነጠላ ተሸፍና ፎቶ ተነሣች። እናቷ አልከሰሰችንም፤ እንዲያውም «ያዘዝኳችሁ እኔ ነኝ» ብላ አጽናናችን። እኛን የከበደን ግን ልጅቷ ሁለት ጊዜ ነግራን ሳለ፣ አጠገቧ ከነበርነው አራት ትልልቅ ሴቶች አንዳችንም አለመስማታችን ነው።

ፈሳሽ ሳሙና የምትሠሩ አባሎቻችን ኮስቲክ ሶዳን በጓንት እንደምትይዙት እናውቃለን። ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ከማለስለሻ ክሬሞች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ «ለስላሳ ነው፣ ለልጆች ነው» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለባቸው አሉ። ሁለቱም ፀጉሩን የሚያስተካክሉት የውስጥ አሠራሩን በማፍረስ ነው። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ስስ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ ጥናትም አለ። ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የፀጉር ማስተካከያ የሚጠቀሙት በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠቀሙት ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ጥናቱም የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ነው፤ ምክንያቱ ክሬሙ ራሱ ነው ብሎም አልደመደመም። ለእኛ ግን ሕፃናትን ገና በስድስት ዓመታቸው ማስጀመር እንደማይገባን ለማሰብ በቂ ሆኖናል።

እናቶች ለምን ይህን እንደሚጠይቁን ስናስብ ነገሩ ከአፋችን እንደሚጀምር ተረዳን። ልጅ ተወልዶ ሳምንት ሳይሞላው ጠያቂ ሁሉ ፀጉሩን ያያል። ሉጫ ከሆነ «ዞማ ፀጉር!» ይባላል። የተጠቀለለ ከሆነ «ምነው ከርዳዳ ሆነ፣ የአባቱን ነው የወሰደው» ተብሎ ይሳቃል። ልጅቱ አራት ዓመት ሲሆናት ከጉልበታችን መሐል እናስቀምጣትና ስታለቅስ «እኔ ምን ላድርግ፣ ፀጉርሽ አስቸጋሪ ነው» እንላታለን። አስቸጋሪው ማበጠሪያው ወይም ችኮላችን ሊሆን እንደሚችል አናስብም። ልጅቱም ይዛው ታድጋለች።

አያቶቻችን ግን በዚህ ፀጉር አላፈሩም። አፄ ቴዎድሮስ የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው። በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ፀጉር ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለአገራችን ሲመለስ እንደ ትልቅ ቅርስ ተቀብለነዋል። ከእኛው አጠገብ፣ በፈንታሌና በመተሐራ በኩል፣ የከረዩ ወጣቶች ጉንፉራቸውን አሳድገው ቅቤ ቀብተው ሲሄዱ ያላየ የለም። በቦረና የገዳ ሥርዓት ደግሞ ደበሌ የሚባሉት ትንንሽ ወንዶች ልጆች እስከ ስምንት ዓመታቸው ድረስ ፀጉራቸው አይቆረጥም፤ ሰውም አይመታቸውም። የልጁ ፀጉርና የልጁ ክብር አብረው ይጠበቃሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ እጃችን ሥራ እንምጣ። ያንን ጉዳት ካደረስን በኋላ እርስ በርሳችንም፣ ከጤና ባለሙያዎችም የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ውኃ። የራስ ቆዳ የሚያወጣው ወዝ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ቶሎ ይወርዳል፤ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን እስከ ጫፉ አይደርስም። ስለዚህ ይደርቃል፣ በየመታጠፊያውም ይሰበራል። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። እዚያ ኮረብታ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫውን የሚያሽከረክረው ነፋስ አቧራውን ይዞ የሚያርፈው በልጆቻችን ራስ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም በአሥር ቀን በሻምፑ ማጠብ ይበቃል። በመሐል አቧራ ከበዛ በንጹሕ ውኃ ብቻ ማለቅለቅ ነው። የልብስ ሳሙናና ኦሞ ግን ወዙን ጨርሶ ስለሚያወጣው ለልጅ ራስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ማበጠር። ደረቅ ፀጉር አይበጠርም። አርጥባችሁ፣ ትንሽ ዘይት ወይም ኮንዲሽነር ነክታችሁ፣ አራት ቦታ ክፈሉት። ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ ያዙ፤ ደቃቁን ሚዶ ለቅማልና ለቅጫም ተዉት። እናቶቻችን ከሥር ጀምረው ወደ ታች ይስቡን ነበር፤ ስናለቅስ የኖርነውም ለዚህ ነው። ከጫፉ ጀምሩ፤ ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ከፍ በሉ። በሌላው እጃችሁ ፀጉሩን ከሥሩ በኩል ያዙት፤ ስባችሁ እንኳ ቆዳዋ ዘንድ አይደርስም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ለቅሶው በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ቅባት። ቅባት ውኃን ይዞ ያቆያል እንጂ ውኃን አይተካም። ስለዚህ የሚቀባው ፀጉሩ እርጥብ ሳለ ነው። ለጋ ቅቤ ጥሩ ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን በእኛ ሙቀት ቀልጦ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሲቆይም ይሸታል። ትንሽ ቀብታችሁ ሳይሸት እጠቡት። የሕፃን እርግብግቢት ላይ ቅቤ የምታደርጉም ቦታውን ማጠብ አትፍሩ፤ በመዳፍ ቀስ ብሎ ማጠብ አይጎዳውም። የጉሎ ዘይትም ይጠቅማል፤ የጉሎው ፍሬ ግን ጥሬውን መርዝ ነውና ልጅ ከሚደርስበት አርቁት።

ጄል መግዛት ለከበዳችሁ ተልባ አለላችሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውኃ እየማሰላችሁ ቀቅሉ። እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ በትኩሱ በስስ ጨርቅ አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ አይወርድም። ፍሪጅ ከሌላችሁ የዕለቱን ብቻ ሥሩ፣ ይበላሻል።

አራተኛ፣ ሹሩባ። ይህ የእኛ እንጀራ ነው፤ ቢሆንም እውነቱን እንናገራለን። በጣም የጠበቀ ሹሩባ የልጅን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል። ፊቷ ከተሳበ፣ በፀጉሩ ሥር ትንንሽ ብጉር ከወጣ፣ ሌሊት ራሷን ካመማት፣ «ይላላል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ያኑ ቀን ፍቱት። በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል እየሳሳ የሚሄድ ፀጉር በጊዜ ካልተተወ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ለትንሽ ልጅ ወፈር ወፈር ያለ ጉንጉን፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት ይበቃታል። አርቴፊሻል ፀጉር ክብደት ይጨምራል፤ ለሕፃን አንቀጥልም። ጨሌና ዶቃም ከሦስት ዓመት በታች ላሉ አናደርግም፤ ወልቆ አፍ ውስጥ ይገባልና። ለመኝታ የሳቲን ሻሽ ፀጉሩን ከመሰባበር ይጠብቃል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ሲተኛ ምንም ነገር ራሱ ላይ አይታሰርም።

አምስተኛ፣ ሕመም። በእኛ ቤት በየቀኑ የልጆችን ራስ የሚዳስሱ አሥር እጆች አሉ። ስለዚህ ቀድመን እናያለን፤ ያየነውንም የመናገር ግዴታ አለብን።

ክብ ክብ እየሆነ የሚላጥ፣ ፀጉሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ የሚተው ቁስል ብዙ ጊዜ ቆረቆር ነው። ፈንገስ ነው፤ በማበጠሪያ፣ በቆብ፣ በፀጉር መቁረጫ ማሽን ይተላለፋል። በነጭ ሽንኩርት ማሸት ቆዳውን ያቆስለዋል እንጂ አያድነውም። ቅባት ብቻውንም ፀጉሩ ሥር ስለማይደርስ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንደ ግሪሴዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መውሰድና መጨረስ ያስፈልጋል። ወንዶች ልጆቻችሁን ስታስላጩ ማሽኑ መጸዳቱን፣ ምላጩም አዲስ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

ለቅማል ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የምታደርጉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ። ጋዙ እሳት ከነካው ልጅ ያቃጥላል፤ መርዙም በቆዳ ውስጥ ይገባል። ፀጉሩን አርጥቦ፣ በኮንዲሽነር አለስልሶ፣ በደቃቅ ሚዶ በየሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ማበጠር አድካሚ ቢሆንም ይሠራል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ይኸኛው ነው። የልጁ ፀጉር ሲሳሳ፣ ቀላ ወይም ነጣ ሲል፣ ሳይጎተት በእጅ ላይ ሲቀር፣ እግሩም ካበጠ፣ ያ የቅባት ጉዳይ አይደለም። ልጁ የሚገባውን ምግብ አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። እናትየው ታፍራለችና በሰው ፊት አንንገራት፤ ለብቻዋ ጠርተን እንንገራት፤ ካስፈለገም አብረናት እንሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ያቺ ልጅ ከተጎዳች ጀምሮ እኛ ለሕፃናት ማለስለስ አቁመናል። ይህ ግን ዋጋ አስከፍሎናል። ለእኛ አንድ ማለስለስ የሦስት ሹሩባ ገቢ አለው። ባለፈው የምረቃ ሰሞን «እምቢ» ስንላቸው ብዙ እናቶች ወደ ጎረቤት ቤት ሄደዋል። የሰኔንና የሐምሌን የብድር ክፍያ አዘግይተን የከፈልነው ለዚህ ነው፤ መዝገቡ ላይ ታገኙታላችሁ። ከእናንተም መካከል «ንግድ አታውቁም» ያላችሁን አላችሁ፤ አልተቀየምናችሁም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በማኅበራችን ብድር የሚሠራ የፀጉር ቤት ሁሉ፣ በአዳማም በሌሎቹም ከተሞች፣ 12 ዓመት ላልሞላት ልጅ የማለስለሻ ክሬምም ሆነ የጋለ ካውያ እንዳይጠቀም ደንብ ይሁን። የሁላችን ደንብ ከሆነ እናቶች ከአንዳችን ወደ ሌላችን አይዞሩም። ሁለተኛ፣ ልጅ «አመመኝ» ስትል የሠሪዋ እጅ ይቁም፤ እናትየው «ቀጥሉ» ብትልም ይቁም። ሦስተኛ፣ በሰኔና በሐምሌ ክፍያችን ዝቅ ብሎ፣ ሹሩባ በሚበዛበት በአዲስ ዓመትና በጥምቀት ሰሞን ከፍ እንዲል ይፈቀድልን። ብድሩ እንዲሰረዝልን አንጠይቅም፤ እንከፍለዋለን።

ደጋፊዎቻችንንም እንዲሁ። ምን እንርዳችሁ ብላችሁ ስለጠየቃችሁን፣ ለየልጁ የሚሆን ጥርሰ ሰፊ ማበጠሪያና የእጅ ጓንት ብታገኙልን ይበቃናል። አንድ ማበጠሪያ ለአሥር ልጅ መጠቀማችን እንዲቀር እንፈልጋለን።

ያቺ ልጅ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁስሉ ድኗል፤ ከጆሮዋ ኋላ ግን ሳንቲም የምታህል ቦታ ፀጉር አላበቀለችም። እናቷ አሁንም ወደ እኛ ታመጣታለች፤ ይህን እንደ ይቅርታ ቆጥረነዋል። ባለፈው ቅዳሜ ለሹሩባ መጥታ ነበር። ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ፣ ከጉልበታችን መሐል ተቀምጣ ገና ሳንጀምር «አትጎትቱኝ እሺ?» አለችን። «እሺ» አልናት። መሐል ላይ አንዴ «ቆይ» አለች፤ ቆየን። ስትጨርስ መስተዋቱን ይዛ ያቺ ባዶ ቦታ እንዳትታይ የተሠራላትን ጉንጉን አገላብጣ አየችና «ያምራል» አለች።

 ልጆቻችንን ያሳድግልን።