የጾመኛ ደም ስብ ከየት ያመጣል?



ትራይግሊሰራይድ የሚባለው በደም ውስጥ የሚዘዋወር የስብ ዓይነት ነው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ150 ሚሊግራም በታች ሲሆን ደህና ነው፤ ከ500 ሲያልፍ ግን ቆሽትን ለብርቱ ሕመም ያሰጋል።

በአገራችን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ «ጾመኛ ነኝ፤ ቅቤም ሥጋም አልነካሁ፤ ስብ ከየት ይመጣብኛል?» የሚል አይታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጉበት የተረፈውን ስኳር ራሱ ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ መጠጥም ስቡን ያበዛዋል። ስለዚህ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ ለስላሳና አረቄ የጾም ቢሆኑም ስቡን ከፍ ያደርጉታል። በተለይ አረቄ! ልኩ እጅግ የበዛበት ሰው ጨርሶ ሊተወው ይገባል። ባቄላው፣ ሽምብራውና ጎመኑ ግን መልካም ናቸው።

ከጉና ግርጌ ዳገት ቁልቁለቱን ወጥቶ ወርዶ ገበያ የሚደርስ ገበሬ ጉልበቱ ስቡን ያቃጥለዋል። እኛ ከመኝታ ቤት እስከ መማሪያ ክፍል ብቻ እየሄድን የእርሱን ያህል እንጀራ እንበላለን! ውፍረት ያለበት ሰው ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ቢቀንስ፣ ስቡ ከመቶ 20 እጅ ገደማ ሊወርድለት ይችላል።

ለበዓል ስትገቡ ይህን ለቤተ ሰብ ንገሩ፤ የስኳር ሕመም ያለባቸውም ደማቸውን ያስመርምሩ። አባትን «አረቄውን ይተዉ» ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ።