ፉርሽካው የት ሄደ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ጠፈር ጉዞ እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ እህል፣ ይልቁንም ከእህል ላይ በወንፊት ነፍተን ስለምንጥለው ነገር ለመናገር መረጥሁ። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴ የውኃ ጥም ጸንቶበት ሰውነቱም እየከሳ ስለ ሄደ ወደ ሐኪም ቤት አብሬው ሄድሁ። ሕመሙ የስኳር በሽታ መሆኑ ታወቀ። ነርሷ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ይመገባሉ?» ብላ ብትጠይቀው፣ አባቴ ቀና ብሎ «ዳቦ በሻይ፤ ያውም ነጩን፣ ጥሩውን ዳቦ» አላት። በድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። በገጠር ሲያድግ የገብስ ቂጣና ቆሎ ይበላ ስለ ነበር፣ ነጭ ዳቦ ለእርሱ ከድኽነት የመውጣቱ ምልክት ነው። ነርሷ ግን ነጩን ዳቦና ስኳሩን እንዲቀንስ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ባቄላና ምስር እንዲያዘወትር ነገረችው። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ «እናቴ በነጻ ታበላኝ የነበረውን ትቼ በሽታ በገንዘቤ ገዛሁ በለኛ!» አለኝ። ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል።

በእርግጥ የስኳር በሽታ ከዳቦ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ዘርም፣ ውፍረትም፣ ሳይንቀሳቀሱ መዋልም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም የአባቴ ንግግር ስላልወጣልኝ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርሁ።

አንዲት የስንዴ ፍሬ ሦስት ክፍል አላት። ከውጭ ልባሷ፣ ከሥር በኩል የምትበቅልበት ሽል፣ በመካከል ደግሞ ነጩ ክፍል ነው። ነጩ ክፍል ከመቶ 83 እጅ ያህል ሲሆን ልባሱ 14፣ ሽሉ 3 እጅ ያህል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም በአውሮፓና በአሜሪካ በድንጋይ ወፍጮ ፋንታ የብረት መዳመጫ ያለው ወፍጮ በተስፋፋ ጊዜ፣ ልባሱንና ሽሉን ለይቶ ነጩን ብቻ ማውጣት ቀላል ሆነ። ፉርኖ ዱቄት የምንለው ይኸው ነው። ልባሱ ግን ፉርሽካ ተብሎ ለከብት ይሸጣል። በመቶ ግራም ሙሉ የስንዴ ዱቄት ውስጥ 11 ግራም ያህል ፋይበር ሲኖር፣ በነጩ ዱቄት ውስጥ 3 ግራም ያህል ብቻ ይቀራል። እንግዲህ በእኛ ቤት ከላሟና ከአባቴ የተሻለውን ይበላ የነበረ ማን እንደ ሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ፋይበር ማለት በአማርኛችን ቃጫ እንደ ማለት ነው። በጨጓራና በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ስለሚያልፍ ብዙ ዘመን እንደ ጥራጊ ተቆጥሮ ኖረ። ነገር ግን የስንዴው ፋይበር ውኃ ይዞ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ ድርቀትንም ይከላከላል። የገብስና የአጃው ደግሞ በሆድ ውስጥ እንደ ሙቅ ወፈር ብሎ ስኳር ወደ ደም ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል፤ በደም ውስጥ ያለውንም ኮሌስትሮል ይቀንሳል። የቀረው ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና፣ ከእርሱ የሚወጣው አሲድ ለአንጀቱ ግድግዳ ምግብ ይሆናል።

ይህን ነገር ለዓለም ካሳወቁት ሰዎች አንዱ ዴኒስ በርኪት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ነው። ከ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል በኡጋንዳ በቀዶ ሕክምና ሠራ። በአውሮፓ ሐኪም ቤቶች ዘወትር የሚታዩት እንደ ትርፍ አንጀትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ያሉት ሕመሞች በገጠር አፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም እንደማይገኙ አስተዋለ። በአፍሪካ ላሉት ብዙ የሚሲዮን ሐኪም ቤቶችም ደብዳቤ እየጻፈ ስለ በሽተኞቻቸው ይጠይቅ ነበር። የነገሩንም ምክንያት በምግቡ ፋይበር ላይ አደረገ። ሐሳቡ ሁሉ እንዳለ አልጸናለትም፤ ዋናው ነገር ግን በኋላ በተደረጉት ጥናቶች ተደግፏል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ አንድ ጐልማሳ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር እንዲያገኝ መክሯል።

ወደ አገራችን እህል ስንመለስ፣ የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ልባሱን ለይቶ ማውጣት አይመችም፤ ስለዚህ ሙሉው ይፈጫል። ሊጡም ሲቦካ፣ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ይቀንሳል። እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይህን ያህል መሥራታቸው ያስደንቀኛል። ይሁን እንጂ ጤፍ ነው ብሎ ሦስት አራት እንጀራ ለሚያነሣ ሰው ስኳሩ አይቀርለትም፤ አባቴ ይህን በመለኪያው አይቶታል። እንዲሁም ፋይበርን በአንድ ቀን ያበዛ ሰው ሆዱ ይነፋል፤ ቀስ በቀስ መጨመርና ውኃ አብዝቶ መጠጣት ይገባል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ዝቅተኛ ክፍል ሳለን ከገጠር የመጣ ጓደኛችን በኪሱ ቆሎ ይዞ ሲመጣ «ባላገር» እያልን እንስቅበት ነበር፤ ከሳቂዎቹም አንዱ እኔ ነበርሁ። እኛ በዕረፍት ሰዓት ነጭ ዳቦና ብስኩት ገዝተን እንበላ ነበር፤ የቆሎው ሽታ ምን ያህል ያስጐመጀን እንደ ነበረ ግን አንዳችንም አልተናገርንም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ቆሎ ማምጣቱን ተወ።

አባቴ አሁን ጠዋት የገብስ ቅንጬ ይበላል፤ መድኃኒቱንም አላቋረጠም፤ ስኳሩም ካለፈው ዓመት ይሻለዋል። ነጩን ዳቦ ፈጽሞ አልተወም። እሑድ እሑድ አንድ ቁራሽ ያነሣል፤ እናቴም እንዳላየች ትሆናለች።

ክፍላችን ያዘጋጀው የገብስ፣ የሽምብራና የሱፍ ቆሎ ከአዳራሹ በር አጠገብ በሰፌድ ቀርቧል። ስትወጡ እየዘገናችሁ ውሰዱ፤ ውኃውም በእንስራ አጠገቡ አለ።