ደም ለምን ይደጋገማል?



አንድ አባላችን ጭንቅላቱን ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ጊዜ ልንጠይቀው ሄደን፣ ነርሷ በየ6 ሰዓቱ ደም ስትቀዳ ብናይ «ኧረ ደሙን ጨረሳችሁት!» ብለን ተቆጣን። ጥፋቱ ግን የኛው ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ አንጎል ሲያብጥ የራስ ቅል ስለማይሰፋ ይጨነቃል። ማኒቶል የሚባለው መድኃኒት ውኃውን ከአንጎል ወደ ደም ስቦ በሽንት ያስወጣል። ታዲያ ወጥ ውኃው ሲያልቅ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፣ ደሙም ይበረታል። የጤነኛ ሰው ልክ በላቦራቶሪ ከ275 እስከ 295 ገደማ ነው። ከ320 ካለፈ ኩላሊት እንዳይጎዳ ሲሉ ብዙ ሐኪሞች መድኃኒቱን ያቆማሉ።

ስለዚህ ስናስታምም ደም ሲቀዳ አንከልክል፤ ሽንቱን ሳይለካ አንድፋ፤ ሳናስፈቅድ ውኃ አናጠጣ። ዕድራችን ለመቅበር ብቻ ሳይሆን ለማስታመምም ነውና።